የታች ጎጥ ግድግዳ

የካቲት 14፣ ጠዋት

ጉሙ ዛሬም አልተነሣም። ሁለተኛ ክ/ጊዜ፣ 6ኛ ክፍል፣ ሒሳብ። ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ ጻፍኩ፤ ከመኻል ወዲያ የተቀመጡት አያዩም። አንገት ማስገግ፣ ዓይን ማጥበብ፣ የጎን ልጅ ደብተር ላይ መንጠልጠል። መስኮቷ ድመት እንኳ ተጨንቃ ነው የምታልፍባት። ይታይሽ ከፊት ተነሥታ፣ ቲቸር እኔ ላንብብላቸው አለችኝ። ጮክ ብላ አነበበች፤ የኋላዎቹ በጆሯቸው ጻፉ። ሒሳብ በጆሮ! ስቄ ወጣሁ፤ ቢሮ ስገባ ሳቁ ጠፋ።

ስሚ እንግዲህ ደብተር። እንጅባራ ስገዛሽ ሽፋንሽ ላይ ያለችው ጽጌረዳ አታልላኝ ነው፤ ወረቀትሽ ስስ ነው፣ ቀለም ያሳልፋል። ግድ የለም፣ ያንቺ ሥራ መስማት ብቻ ነው። ምክትሌ ም/ር ይበልጣልም ይሰማኛል፤ ግን ሰምቶ ሲጨርስ ራሱን ይነቀንቃል። አንቺ የሚነቀነቅ ራስ የለሽም፤ ለዚህ ነው የመረጥኩሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ት/ቤታችን 6ኛ ላይ ያልቃል። 7ኛ የሚፈልግ እንጅባራ ድረስ በእግሩ። ወንዶቹ ይሄዳሉ። ሴቶቹ “ትንሽ ጠንከር ትበልና” ይባላሉ፤ ጠንከር ሲሉ ይዳራሉ። አሁን ወረዳው ቃል ሰጥቶኛል፦ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ የለበሰ አዲስ ሕንፃ ካሳየሁ መስከረም ላይ 7ኛ ክፍል ይከፈታል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ከእነሱ፤ ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበት ከእኛ። ካልደረሰ ቆርቆሮው ለሌላ ት/ቤት ይሄዳል።

ይደርሳል። አበቃ።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ከቅዳሴ በኋላ፣ ግቢያችን ባለው ብሳና ዛፍ ሥር፣ የወላጆች ስብሰባ። የሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ የሣልኩትን ዘርግቼ አሳየሁ። አንድ ረጅም የድንጋይ ቤት። ግራና ቀኝ 7ኛና 8ኛ ክፍል፣ መኻሉ ቤተ መጻሕፍት። ሰፋፊ መስኮቶች። ጣሪያው ከፍ ያለ፤ ልጆቹ ክዳን እንደተደፋበት ድንች እንዳይቀቀሉ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ት/ቤት ማንም አላየም። እኔም አላየሁም፤ ግን እዚያ ከረጢት ላይ አለ።

ይበልጣል ጆሮዬ ሥር “ላም አለኝ በሰማይ” አለ። ወተቷን አጠጣሃለሁ አልኩት።

ሕዝቡን አውቀዋለሁ ደብተር። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር፤ አዊኛዬን ሲሰሙ ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይሁን እንጂ ይህን አገር ምን እንደሚያስነሣው ለይቻለሁ። ልመና አያስነሣውም። ስብከት አያስነሣውም። እልህ! እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ድንጋይ ማሸከምማ ቀላሉ ነው።

አራት ጎጥ ነው ያለን፦ ላይ ጎጥ፣ ወንዝ ማዶ፣ ጫካ ዳር፣ ታች ጎጥ። ሕንፃው አራት ግድግዳ አለው። ለየጎጡ አንድ ግድግዳ አልኩ። ድንጋዩ ከየራሳችሁ መሬት፣ ሲያልቅ የጎጣችሁ ስም ግድግዳችሁ ላይ ይቀረጻል። ከዚያ የላይ ጎጡ አያ መኩሪያው ተነሡ፤ ያለ ፈረሳቸው ያለ ዳማ ደጃፍ እንኳ የማይወጡ ሰው ናቸው። ቁመቱ እስከምን ድረስ ነው ሲሉ ጠየቁ። እኔ ሳልመልስ ወንዝ ማዶዎች፣ “እናንተ ጀምሩት እንጂ ከዚያ በላይ ነን!” አሉ። ሳቅ፣ ፉጨት፣ እልልታ። ሥራው ያኔውኑ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ግድግዳውን በዕጣ አከፋፈልኩ። ላይ ጎጥ የምዕራቡን ረጅሙን አገኘ። የምሥራቁ ረጅሙ ለታች ጎጥ ወጣ። ዕጣውን ያነሡት የይታይሽ አባት አያ አለምነው ናቸው። አዩት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ተስማምተዋል ብዬ ያዝኩ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

መሠረት ተቆፈረ! እጄ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል አለ፤ አካፋ ይዤ ነበር። ዳይሬክተር አካፋ ስትይዝ ያየ ሰው ቆሞ ማየት ያፍራል፤ ይህም ዘዴ ነው።

ግንበኛው ጌታነህ ከእንጅባራ መጣ። ቱንቢውን አንጠልጥሎ ግራ ቀኝ አየና፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ብወለድ ቤተ መንግሥቱን እኔ ነበርኩ የምሠራው አለ። አፉ ከእጁ ይፈጥናል። እጁም ግን ደህና ነው።

ከሦስት አቅጣጫ ድንጋይ ይመጣል። በፈረስ፣ በአህያ፣ በትከሻ፣ በሳንቃ። ጥቁሩ፣ ባለ ቀዳዳው የእርሻ ድንጋይ፤ ማረሻ ሲሰብር የኖረው ሁሉ። አንድ ሽማግሌ ድንጋዩን ሲያወርድ “ዘመዶቼን ይዤልሽ መጣሁ” አለኝ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጣላው የኖረ ነው። እኔ ዛሬ ማታ ሳልበላ ጠግቤያለሁ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ጌታነህ የቁመት ገመድ ወጥሮ ነበር። ላይ ጎጥ ገመዱን አለፈው። ወንዝ ማዶ ይህን ሲሰማ ሌሊቱን ድንጋይ አግዞ ጎህ ሲቀድ በአንድ ረድፍ በለጠ። ላይ ጎጥ ሁለት ጨመረ። ጫካ ዳር ሴቶቹን አሰልፎ በዘፈን መጣ። ይበልጣል፣ ኧረ አስቁሚያቸው፣ ለመውጫው መሰላል እንኳ የለንም ይላል። አላስቆምም! እንዲህ ያለ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አላውቅም። ቅር አይበልሽ ደብተር፣ ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ብቻ። መስኮቶቹ እየጠበቡ ነው። ሥዕሌ ላይ ሰፋፊ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ግን ክንድ የምታሾልክ ስንጥቅ ሆነዋል። አያ መኩሪያውን ጠየቅኋቸው።

“መስኮትማ ድንጋይ ያለቀበት ሰው የሚተወው ቀዳዳ ነው” አሉኝ። “ላይ ጎጥ ድንጋይ አላለቀበትም።”

ሳቅኩ። ምን ልበላቸው? ለኋላ እንወያይበታለን።

ታች ጎጥ ገና ጉልበት ላይ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በርቱ እንጂ፣ ምነዋ ወደኋላ ቀራችሁ አልኳቸው። በጎ ብዬ ነው። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ልጆች ልጆች ናቸው። በዕረፍት ሰዓት የላይ ጎጥ ልጆች ክብ ሠርተው ይዘፍናሉ፦ የታች ጎጥን ግንብ ፍየል ዘለለችው! አንዷ እንደ ፍየል እየጮኸች ትዘላለች። ይታይሽ ብሳናው ሥር ጀርባዋን ሰጥታ መጽሐፍ ታነባለች። መጽሐፉን ገልብጣ ነው የያዘችው።

ዘፋኞቹን ቀጣሁ። ከዚያ ይበልጣልን፣ ታች ጎጥ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሰንፈው አልኩት። አየኝ፣ አየኝና፣

“ታች ጎጥ ድንጋይ የት አለው?” አለኝ።

ታች ጎጥ ጨፌ ነው። ሣር፣ ውኃ፣ ጭቃ፣ ዳር ዳሩን ቀርከሃ። ስንቴ ሄጄበታለሁ! ጫማዬን ጭቃ ሲውጠው፣ መርገጫ ድንጋይ እንኳ የሌለበት አገር ብዬ ያማረርኩት እኔው ነኝ። ሴቶቹ ከጅረቱ ሆድ በጆንያ እየለቀሙ ነው ያችን ጉልበት የምታህል ግንብ ያቆሟት። እኔ ደግሞ በሰው ፊት በርቱ አልኳቸው።

ፊቴ ጋለ ደብተር። አሁንም ይግላል።

ግን ይስተካከላል። አያ መኩሪያው ጋ ሄድኩ። ሰውየው ኩሩ እንጂ ንፉግ አይደሉም፤ ችግሩን ነገርኳቸው፣ ነገ በፈረስ አስጭኜ እልካለሁ አሉ። እንዲህ ነው ሥራ!

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ድንጋዩ መጣ። ፈረሶቹ ተደርድረው፣ አያ መኩሪያው በዳማ ከፊት፣ ወጣቶቹ እየፎከሩ። የታች ጎጥ ግድግዳ ሥር በቀትር፣ ሰው ሁሉ እያየ አራገፉት። ትልቅ ክምር። አጨበጨብኩ፣ ልጆቹም አጨበጨቡ። አያ አለምነው ዳር ቆመው ነበር። እግዜር ይስጥልን አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ነገ ግንቡ ወገብ ይደርሳል።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ድንጋዩ የለም።

መጀመሪያ ሌባ መሰለኝ። ድንጋይ የሚሰርቅ ሌባ! በኋላ አያ መኩሪያው መልእክት ላኩ፣ ሄጄ አየሁት። የግቢያቸው በር ላይ ተደርድሯል። አልተጣለም፣ ተደርድሯል፤ ትልቁ ከሥር፣ ትንሹ ከላይ፣ ጥግ ጥጉ ተስተካክሎ። ድንጋይ የሌለው ጎጥ የሌላውን ጎጥ ድንጋይ ያን ሁሉ ዳገት በትከሻው መልሶታል። አያ መኩሪያው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ተቆጥተው አይደለም።

ወደ ት/ቤት ተመለስኩ። ስም ጠራሁ። ከታች ጎጥ አንድም ልጅ የለም። 6ኛ ክፍል ፊተኛው ወንበር ላይ የይታይሽ ቦታ ባዶ። ሰሌዳውን የሚያነብላቸው የለም።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ፋሲካ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤም ትናንት አለፈ። አልመጡም። የ6ኛ ክፍል ፈተና ሰኔ ነው። ያልተፈተነ 7ኛ አይገባም፤ 7ኛ ክፍል ደጃፏ ድረስ ቢመጣላትም።

ዛሬ ወረድኩ። አያ አለምነው ቤት። ተቀበሉኝ፣ አስቀመጡኝ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ፣ አረቄም ቀዱ። ስለ ዝናቡ አወሩኝ፣ ስለ ላማቸው አወሩኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ሲከብዱ እንዲህ ነው የሚከብዱት፤ ሰው በስድብ ቢያባርረኝ ይቀለኛል። በመጨረሻ እኔው አነሣሁት። ልጆቹ ከብት በመጠበቅ እያገዙን ነው አሉ። አያ፣ እውነቱን ይንገሩኝ አልኳቸው።

“መምህርት” አሉኝ፣ “በሰው ድንጋይ ስማችን አይቆምም። ልጄም የፍየል ዘፈን እየተዘፈነባት የምትማረውን አልፈልገውም። አንቺ ክፉ አይደለሽም። ነገሩ ግን ክፉ ሆነ።”

ይታይሽ ከጓዳ ወጥታ እጄን አስታጠበችኝ። ቲቸር አላለችኝም።

ስመለስ ጨፌው መኻል ቆሜ አለቀስኩ። ጫማዬን ጭቃው ይዞት ነበር፣ ልሂድ ብልም አልለቀቀኝም። እኔ ለእነዚህ ሴቶች ልጆች ብዬ ቤት አነሣሁ፤ ቤቱ እነሱኑ አስወጣቸው። ይህን ላንቺ እንጂ ለማንም አልናገርም።

ግን እንዲህ አያልቅም። አያልቅም!

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ዝናቡ ቸኩሏል። አሮጌው ክፍል ከሁለት ቦታ ያፈስሳል። ጠዋት 6ኛዎችን ይዤ አዲሱ ቤት ገባሁ፤ ጣሪያ ስለሌለው ይበልጣልና ጌታነህ ከፍ ካሉት ከሦስቱ ግድግዳዎች ወደ ታች ጎጥ አጭር ግንብ ሸራ ወጠሩ። ሸራው ጨለማ ነው፣ ሦስቱ ግድግዳዎች ጥቁር፣ መስኮት የተባሉት ስንጥቆች ናቸው። ሰሌዳውን አቆምኩ።

ደብተር፣ ደነገጥኩ። አይታይም! አዲሱ ቤቴ ከአሮጌው ይጨልማል። ስለ ቁመት፣ ስለ ረድፍ፣ ስለ ማን በለጠ ማን አነሰ ስናወራ የሠራነው ትልቅ ጎተራ ነው። መስኮቶቹ ሲጠቡ ስቄ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ቤቱን ለምን እንደፈለግሁት ረስቼው ነበር።

ከዚያ ከኋላ አንዱ ልጅ፣ ቲቸር፣ ወደዚህ ዙሪ፣ እዚህ ይታያል አለ። ዞርኩ። በታች ጎጥ ግንብ በኩል፣ ከግንቡ በላይ ከሸራው በታች ባለው ክፍተት፣ የጠዋት ብርሃን ይገባል። ጉም እያለ፣ ዝናብ እያለ ይገባል። ሰሌዳውን ወደዚያ አዞርን። ሁሉም አዩ። የኋላዎቹም አዩ።

ተምረው እስኪጨርሱ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ያ ግንብ አላጠረም። ልኩ ያ ነው!

ግንቦት 8፣ ዓርብ

እንደገና ወረድኩ። በዚህ ጊዜ የምሰጠው ነገር አልያዝኩም፤ የምለምነውን እንጂ።

አያ አለምነው ከአጥራቸው ውጭ ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ግቢው በቀርከሃ የታጠረ፣ ጎተራው ቀርከሃ፣ የጥጃው በረት ቀርከሃ፤ እንጅባራ መንገድ ዳር የሚሸጠው ወንበርና አልጋ ግማሹ ከዚህ ጎጥ ነው የሚወጣው። ይህንንም ስንቴ አይቼዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

አያ፣ ቤቴ ጨለመብኝ አልኳቸው። ድንጋይ ጠግቤያለሁ፤ ብርሃን አጣሁ። ግንባችሁ ባለበት ይቁም፣ አንድ ድንጋይ እንዳትጨምሩበት። በላዩ ቋሚ እንጨት እናቁምና ጣሪያውን ይሸከም፤ በቋሚዎቹ መኻል እናንተ የቀርከሃ ፍርግርግ ሥሩልኝ፣ ከውጭ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ። የምሥራቅ ፀሐይ በእናንተ በኩል ካልገባች በሌላ በየትም አትገባም።

ቀርከሃውን እስከ ጫፉ ሰነጠቁት። ምጽዋት ልጥልላቸው እንዳልመጣሁ፣ ለማጽናናት ብዬም እንዳልሆነ፣ ከፊቴ እያነበቡ እንደሆነ ገባኝ። ልባቸውን ለማራራት አንድ ቃል አልጨመርኩም። እውነት ነው የቸገረኝ።

“ቀርከሃማ አለን” አሉ በመጨረሻ። “ቀርከሃ ነው የተቸገርሽው? ምነዋ ቀድመሽ ብትነግሪን።”

ስወጣ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። የታች ጎጥ 6ኛዎች ቀርከሃ ጥላ ሥር ተደርድረው፣ ይታይሽ ከፊት፣ የተሰነጠቀ ሳንቃ ላይ ክፍልፋይ ተጽፎ። የጻፈው ም/ር ይበልጣል! ጠመኔ እጁ ላይ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ከፋሲካ ወዲህ ከሥራ በኋላ ሲወርድ ነበር። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። አንቺ ሁሉን በስብሰባ ታደርጊዋለሽ ብዬ ነው አለኝ። ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ቀርከሃው መጣ። ፉከራ የለ፣ ፈረስ የለ፤ በትከሻ፣ በዝምታ፣ ሴት ወንዱ። ቁጭ ብለው መሸመን ጀመሩ። እጃቸው ላይ ቀርከሃው እንደ ሣር ይታጠፋል። ጌታነህ ግንብ ላይ ተሰቅሎ ያያል፤ ይህንማ እኔም እችል ነበር አለ። ማንም አልሰማውም።

ነገ ልጆቹ ይመለሳሉ አሉኝ። ስም ዝርዝር አላወጣሁም፣ ሰዓት አልወሰንኩም፣ ምንም አላልኩም። እሺ ብቻ። እንዳላበላሸው ፈራሁ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

መጡ! ሁሉም። ይታይሽ ቦታዋ ላይ። በዕረፍት ከላይ ጎጥ ልጆች አንዷ አፏን ልትከፍት ስትል ይታይሽ ቀደመቻት፤ ፍየልም ዘለለችው፣ ፀሐይም ዘለለችው ብላ ራሷ ዘፈነችው። ሳቁ። ዘፈኑ አሁን የታች ጎጥ ሆኗል፤ ላይ ጎጦች ዜማውን ተቀምተዋል።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ጣሪያው ለበሰ። እደግመዋለሁ፦ ጣሪያው ለበሰ! የመጨረሻው ምስማር ሲመታ ዝናቡ ወረደ፤ ሳይደግስ አይጣላም። ሰው ሁሉ ለመጠለል ውስጥ ገባ፤ የአራቱም ጎጥ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር።

ፍርግርጉ ብርሃኑን አጣርቶ ወለሉ ላይ ዘርግቶታል። ውጭ ጥቁር ዝናብ፣ ውስጥ የሰው ፊት ይለያል። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ ታች ጎጥ ግድግዳ ተጠጋ፤ ማንም ሳያዝዘው። አያ መኩሪያው ብቻ በገዛ ግድግዳቸው ሥር ቆሙ። ረጅም ግድግዳ፣ የሚያምር ድንጋይ። ጨለማ ውስጥ ነበሩ፤ ጋቢያቸው ነው የሚታየው።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። መጀመሪያ ጫካ ዳር መጣ፤ እኛም መስኮት ይከፈትልን። ከሰዓት ወንዝ ማዶ፤ እኛ ከጫካ ዳር የሰፋ። ጌታነህ መዶሻውን ጥሎ፣ ስትሠሩት መስኮት ክፈቱ ብዬ አልነገርኳችሁም ነበር ወይ እያለ ጮኸ። አንድ ቀንም ብሎን አያውቅም።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

አያ መኩሪያው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ከዳማ ወረዱ፤ እኔ ቢሮ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ፈረሳቸው ላይ እንዳሉ በመስኮት ነበር የሚያናግሩኝ። ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁ። ነገሩ ከበዳቸው ማለት ነው።

“ያ ግድግዳችን” አሉ። “ልጆቻችንን አጨለመባቸው። ድንጋይ እናወርዳለን፣ ሰፋ አድርገን እንከፍታለን። እንደዚያኛው ያለ ቀርከሃ ስጪን።”

እኔ ቀርከሃ የለኝም አልኳቸው። ቀርከሃው የአያ አለምነው ነው፤ እሳቸውን ይጠይቁ።

ደብተር፣ ብታዪ ኖሮ! ረጅም ጊዜ አዩኝ። ሆን ብዬ እንዳደረግሁት ያውቃሉ፤ እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ልለሳለስላቸው ነበር፣ ምላሴን ነከስኩ። ተነሡ። ዳማን በልጓም ይዘው በእግራቸው ወደ ታች ወረዱ። እስከ ጨፌው ዳር በዓይኔ ሸኘኋቸው፤ ፈረሱ ላይ አልተቀመጡም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

የሆነውን ይበልጣል ነገረኝ፤ የታች ጎጥ ልጆችን ለፈተናው ሊያስጠና ወርዶ ነበር። አያ አለምነው እንግዳቸውን አስቀመጡ፣ ድንች አቀረቡ፣ አረቄ ቀዱ። አያ መኩሪያው ጥቂት ቆይተው፣ ቀርከሃ ልንለምናችሁ ነው የመጣሁት አሉ። በቃ፣ ሳያድበሰብሱ። አያ አለምነውም፣

“እንሰጣለን እንጂ ምነዋ አንሰጥ” አሉ፤ “ብቻ መልሳችሁ በራችን ላይ እንዳትደረድሩብን።”

አያ መኩሪያው መጀመሪያ ሳቁ ይላል ይበልጣል። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ የሚወርደው ድንጋይ ለታች ጎጥ መንገድ መርገጫ ይሁን አሉ፤ ልጆቹ በጭቃ እንዳይመጡ። በልዋጭ ከሆነ እንቀበላለን ተባለ። ቀርከሃ በድንጋይ። ማንም ማንንም አልረዳም፤ ተገበያዩ እንጂ።

እኔ ይህን ስንት ወር በስብሰባ ስፈልገው ነበር።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

የ6ኛ ክፍል ፈተና። ዝናብ። የወረዳው ሰዎች ትናንት ቤቱን አይተው ሄዱ፦ 7ኛ ክፍል መስከረም ይከፈታል። ፈተናው አዲሱ ቤት ውስጥ ነው። ከአራቱም ግድግዳ ብርሃን ይገባል፤ የላይ ጎጡ ፍርግርግ ገና እርጥብ ነው፣ ይሸታል፣ ደስ ይላል። ከጨፌው በኩል ጥቁር ድንጋይ ተነጥፎ እስከ ደጃፋችን መጥቷል። ይታይሽ ዛሬ ጫማዋን በእጇ ሳትይዝ፣ በእግሯ አድርጋ ደረሰች።

ጌታነህ ደግሞ መሮውን ስሎ ደጅ ቆሟል። ስም ልቀርጽ ነው፣ ቃል ገብተሻል፣ ከየትኛው ልጀምር ይላል። ቃልማ ገብቻለሁ። ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። የላይ ጎጥ ግድግዳ ላይ የታች ጎጥ ቀርከሃ አለ። የታች ጎጥ መንገድ የላይ ጎጥ ድንጋይ ነው። የቱን ግድግዳ የማን ልበለው?

ወስኛለሁ። ስም አይቀረጽም። እሑድ ብሳናው ሥር እነግራቸዋለሁ። ይጮሃሉ፤ አያ መኩሪያው ከሁሉ በላይ ይጮሃሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። ቃልሽን አጠፍሽ ካሉኝ አዎ አጠፍኩ እላለሁ። ጌታነህ መሮውን ለ8ኛ ክፍል በር ጉበን ያውለው፤ ሥራ አይጠፋም። ከረጢቱ ጀርባ ላይ ገና ያልተሠራ አለኝ፣ ላንቺም እንኳ ያላሳየሁሽ፣ ሁለተኛ ቤት፣ ከብሳናው ወዲያ፣ መጀመሪያውኑ መስኮቱ የሚ—

ደወል። ሁሉም ተቀምጠዋል። ይታይሽ ወደኔ ዞራ እያየችኝ ነው።